አስገቢ 07፣ አረጋጋጭ 03

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በሰላም ተቀምጠው ያግኝዎት።

አያውቁኝም። አባቴ የአጎትዎ ልጅ ነው፤ እኔ የበኩር ልጁ ነኝ። ከእርስዎ ከተማ ስንወጣ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበርኩ፤ ስለዚህ ያዩኝ ቢሆን እንኳ በጨርቅ ተጠቅልዬ ነው። አድራሻዎን ያገኘሁት ከእናቴ ደብተር ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከስድስት ሰዎች ጋር ሆነን በአንድ የቀድሞ የጎማ መጋዘን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተሮችን እየጠገንን እናስነሳለን። ሰው ይስቅብናል። ባለቤቴ፣ ሌላው ሰው ቆሻሻ ያወጣል፣ አንተ ታስገባለህ ትለኛለች። አምና ከተዘጋ የዱቄት ፋብሪካ አንድ መረጃ መጻፊያ ማሽን ገዛን። ጠረጴዛ ያህላል፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሠራበታል፤ መረጃው የሚቀመጥበት ፍሎፒ ዲስክ እንደ ሳህን የሰፋ ነው። እናቴ ካስቀመጠችው ፎቶግራፍ ጋር ሳስተያየው አባቴና እርስዎ በውሃ መሥሪያ ቤት የሠራችሁበት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

የምጽፍልዎት ለዚህ ነው። አባቴ ከዚያ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደወጣ በእኛ ቤት አይነሳም። የማውቀውን ያወቅሁት ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ውሃ በሚዘጋባቸው ደንበኞች ዝርዝር ላይ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አለፈ፤ የአረጋውያን መኖሪያው ውሃ ሦስት ቀን ተዘጋ፤ አንዲት አሮጊት ባልዲ ይዘው ደረጃ ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ አባቴ ተባረረ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ አባትህ አላሳለፈውም ትል ነበር። ማስረጃዋ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ማስረጃዋ እሱ ራሱ ነው። በሐዘኗ ቀን አንድ ዘመዳችን በሰው መሀል፣ የአሮጊቶችን ውሃ የዘጋ ሰው ብሎ ተናገረ። አባቴ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ የታጠበውንም ደግሞ አጠበ።

እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ አሳልፎታል ወይስ አላሳለፈውም? ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ማን እንዳስገባው፣ ማን እንዳረጋገጠው በቁጥር ይይዛል። ማሽኖቹ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሲሸጡ ዲስኮቹ በእርስዎ እጅ እንደቀሩ እናቴ ጽፋለች። ካሉ ቢልኩልኝ፣ ወይም ቢያውሱኝ፣ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ፣
የአጎትዎ ልጅ ልጅ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ላንተ፣ ለባለቤትህና ለአባትህ ይሁን። ስለ እናትህ ነፍስ ይማር። ለቅሶ መድረስ ሲገባኝ አልደረስኩም፤ ይህን በወረቀት ማለት ቀላል ስለሆነ አላበዛውም።

ደብዳቤህ በሃያ ሁለት ቀን ደረሰኝ። ጽሕፈትህ ይነበባል። ነገር ግን ገጾቹ ቁጥር የላቸውም፤ ወረቀቱ ከእጄ ቢወድቅ ኖሮ የዱቄት ፋብሪካው ከእናትህ ዕረፍት መሀል ይገባ ነበር። ቁጥር ጻፍባቸው።

ዲስኮቹ አሉ። ሃያ አራት ናቸው። ልብስ ማስቀመጫዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ በአንሶላ ተጠቅልለዋል። የወሰድኳቸው በፈቃድ ነው፤ የተፈረመበትና ማኅተም ያለበት ወረቀት ከእነሱ ጋር ተቀምጧል። ሌባ እንዳይመስልህ።

ለጊዜው ሦስት ልኬልሃለሁ፤ ቁጥር ሁለት፣ አራትና አምስት። የቆጣሪ ንባብ ነው ያለባቸው። እጃችሁን አፍታቱባቸው። ዲስክ በጠርዙ ይያዛል። በሽፋኑ ቀዳዳ በኩል የሚታየውን ጥቁር አካል ጣት አይነካውም። ምልክት ሲለጠፍበት መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ በኋላ እስክሪብቶ አይጫነውም። ከድምጽ ማጉያ አጠገብ አይቀመጥም። ከመንገድ እንደመጣ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ማሽኑ ባለበት ክፍል አንድ ሙሉ ቀን ያርፋል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ እንደምትለኝ እገምታለሁ። የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ሲያበላሹ ያየሁት።

የመዝጊያ ዝርዝሩ ያለው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። እሱን ገና እየፈለግሁት ነው።

የዲስክ መያዣ ፖስታዎቹ ስላረጁ አዲስ ካገኘህ ሃያ አራት ላክልኝ። ዋጋው ስንት እንደሆነ ጻፍ። ሌላው ጥያቄዬ፣ አባትህ ለእኔ መጻፍህን ያውቃል? ጤናው እንዴት ነው? ማንበብ ይችላል ወይስ ዓይኑ ደክሟል?

አክስትህ


ታኅሣሥ 10 ቀን
ገጽ 1

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ገጹ ቁጥር እንዳለው ልብ ይበሉልኝ።

ሣጥኑ ሲደርስ ሰባታችንም ተሰብስበን ነው የከፈትነው። ከመካከላችን ጡረታ የወጣ የስልክ ጠጋኝ አለ፤ አሮጌ ዕቃ ሁሉ በእጁ ስለሚድን ዶክተር እንለዋለን። ዶክተር ዲስኩን ካላስገባሁ ብሎ ተነሳ። የእርስዎን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና፣ ይቺ ሴትዮ አለቃዬ ብትሆን ኖሮ ጡረታዬን በሠላሳ ዓመቴ እጠይቅ ነበር አለ። ግን አንድ ቀን ጠበቀ።

መጠበቃችን ጠቀመን። ቁጥር አራት ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ነጭ ሻጋታ አየን። እንዲያው ብናስገባው ኖሮ ማንበቢያውንም ዲስኩንም ይፍቀው ነበር። ሽፋኑን በስለት ከፍተን፣ ክቡን አውጥተን፣ በተጣራ ውሃ አጥበን፣ ጥላ ውስጥ አድርቀን መለስነው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን የማሽኑን ካፓሲተሮች ቀይረናል። ሞተሩን የሚያዞረው ቀበቶ ስለላላ ዶክተር ከሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ቀበቶ ፈትቶ አመጣ፤ ሚስቱ እስካሁን አላወቀችም።

ባለፈው ቅዳሜ ማሽኑ አነበበ። አረንጓዴ ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ የቤት ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ንባብ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ሕፃን ሆኜ የወጣሁበት ከተማ ሰው በዚያ ወር ስንት ባልዲ ውሃ እንደተጠቀመ እያየሁ ነበርና ማጨብጨቡ አልመጣልኝም።

አባቴን ጠይቀውኝ ነበር። ዓይኑ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ብቻ ያስቸግረዋል። ይሠራበት ከነበረው የአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ይኖራል። ማሽኑን መጥተህ እይ ብለው ከማሽን ጋር ጉዳይ የለኝም አለኝ። ዲስክ ተልኮልናል ስለው፣ ማን ላከ ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሻላት ወይ አለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቅ ስላለኝ ጠየቅሁ።

በሚያዝያ የመጀመሪያው ቅዳሜ መጋዘኑን ለሰው ከፍተን ማሽኖቹን እናሳያለን። በዚያ ቀን አባቴን እጁን ይዤ አምጥቼ፣ እናቴ ትል የነበረው እውነት መሆኑን በዓይኑ ባሳየው ደስ ይለኛል። ስለዚህ ቁጥር አሥራ ዘጠኝን ካገኙት እባክዎን ይላኩልኝ። ፖስታዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ዋጋ የላቸውም፣ ዶክተር በእጁ ነው የሠራቸው።

አክባሪዎ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዘገየሁ። በመካከሉ ብርድ መታኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ብርዱ አራት ቀን ነው የቆየው፣ እኔ የዘገየሁት ሃያ ሰባት ቀን ነው።

ፖስታዎቹ በደንብ ተሠርተዋል። ለሠሪው ምስጋናዬን ንገረው፤ የሚስቱን ቀበቶም ይመልስ።

ስለ አንጓዬ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደህና ነው በለው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ያመኛል።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ከዚህ ጋር ነው። የምትፈልገው ጥቅል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ መስመር ሠላሳ አንድ ነው፤ ጥቅል የምንለው በአንድ ሽፋን ሥር አብረው የገቡ ወረቀቶችን ነው። ስለዚህ ዲስክ የምጽፍልህ ነገር አለ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ሣጥኑን ዛሬ ለፖስታ ቤት ካልሰጠሁ መልሼ መሳቢያው ውስጥ እንዳልከተው ስለምፈራ ይሂድ። ቀሪውን በሚቀጥለው እጽፋለሁ።

አክስትህ


የካቲት 23 ቀን
ገጽ 1

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ዲስኩ ደርሶናል። አንድ ቀን አሳርፈን አነበብነው። ምንም ሻጋታ አልነበረበትም፤ ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነው።

የጠቆሙኝን መስመር አገኘሁት። በእናቴ ደብተር ላይ እንደተጻፈው በ1461 ፋንታ 1641 ተብሎ ገብቷል። 1461 ተዘግቶ የቆየ ጋራዥ ነው፤ 1641 የአረጋውያኑ መኖሪያ ነው። በመስመሩ መጨረሻ አስገቢ 07፣ አረጋጋጭ 03 ይላል። እናቴ ባስቀመጠችው የአባቴ የሥራ መታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር 03 ነው።

ዶክተር አሠራሩን አስረድቶኛል። አንዱ ከወረቀት እያየ ያስገባል። ሌላው ያንኑ ወረቀት ይዞ እንደገና ከመጀመሪያ ይጽፈዋል፤ ከፊተኛው አንዲት አኃዝ ከተለየች ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ ቁልፎቹን ይቆልፋል። 07 ማን እንደነበረ አልጠይቅዎትም። ፊተኛው ሰው ነውና ይሳሳታል። ኋለኛው የተቀጠረው ግን ያንን እንዲይዝ ነው። አልያዘውም።

አባቴ ቤት ሄድኩ። ያየሁትን ነገርኩት። አዎ፣ ቁጥሩ የእኔ ነው አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን ጨመርኩ። እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተባብልልህ ዝም ብለህ ሰማሃት አልኩት። ሰው ፊት ስትከራከርልህ አንድ ቀን እንኳ ተይው አላልካትም አልኩት። ከዚህም የከፋ ተናግሬያለሁ፤ ለእርስዎ አልጽፈውም። በሩን ከፍቶ እስክወጣ ድረስ ይዞልኝ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።

ዲስኩን ለኤግዚቢሽኑ አናወጣውም። ሌሎቹን መላክ አያስፈልግዎትም። እውነቱን ማወቅ ፈልጌ ነበር፣ አወቅሁት፤ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። የሚቀጥለውን ደብዳቤም ለመጻፍ አይቸገሩ።

አክባሪዎ


መጋቢት 14 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤህ ዛሬ በአራት ሰዓት ደረሰኝ፤ አሁን አምስት ሰዓት ነው። ሰላምታውን ለኋላ አቆየዋለሁ። ስልክ መደወል ይቻል ነበር፤ ስልክ ላይ የተነገረ ነገር ግን ፊርማ የለውም። በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። ሲደርስህ ይዘኸው አባትህ ቤት ሂድና ከዚህ በታች ያለውን ሳታሳጥር አንብብለት።

07 እኔ ነኝ። በዚያ ቀን 03ም እኔ ነበርኩ።

አባትህ የፈረቃው ኃላፊና አረጋጋጭ ነበር፣ እኔ አስገቢ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለት፤ እናትህ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። የክፍሉ አለቃ አልነበሩም፤ ከእሳቸው ፈቃድ ውጪ ፈረቃ ጥሎ የሄደ ይባረራል። አባትህ ጃኬቱን ለብሶ አውልቆ፣ ለብሶ አውልቆ ሲቆም አየሁት። እኔ ነኝ፣ ሂድ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ ያልኩት። እሱ አልጠየቀኝም።

ጥቅል ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን በራሴ ቁጥር አስገባሁ። ከዚያ ተነስቼ ፊት ለፊት ባለው በእሱ ወንበር ተቀመጥኩ፤ 03 ብዬ ያንኑ ወረቀት እንደገና ጻፍኩ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ያስገባ ሰው ያስገባውን አያረጋግጥም የሚል ደንብ ተሰቅሎ ነበር። በንጹሕ ጽሕፈት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ደንቡ ለሰነፎች የተሠራ ይመስለኝ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ በእኔ ላይ የቆለፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ እቆጥር ነበር። በዚያ ቀን ግን ዓይኔ 1461ን 1641 ብሎ አነበበ፤ ወንበር ቀይሬ ስቀመጥም ያው ዓይን ያንኑ አነበበ። ማሽኑ ሁለቱን አስተያየና አንድ ናቸው አለ። አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማሽኑ ቀን ስለማይዝ በዚያ ጥቅል ላይ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቀኑን የሚያሳየው የወረቀቱ ሽፋን ነበር። ሽፋኑ ላይ የቀን ማኅተም፣ የአስገቢ ፊርማና የአረጋጋጭ ፊርማ ይሰፍራል። እኔ ቁጥሩን በማሽኑ ላይ ጻፍኩ እንጂ ፊርማውን አስመስዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ የአረጋጋጩ ፊርማ ሣጥን ባዶ ቀረ። ምርመራው ሲጀመር ወረቀቶቹ ጠፉ ተባለ። አልጠፉም። በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

አባትህን ሦስት ሰዎች ፊት አቁመው፣ 03 አንተ ነህ ወይ አሉት። አዎ አለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። እሱ እስኪናገር ጠበቅሁ፤ እሱ ደግሞ እኔ እስክናገር የጠበቀ ይመስለኛል። ምክንያት ነበረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያት ሲጻፍ ይቅርታ መለመኛ ይሆናል።

ዲስኩን ሠላሳ አራት ዓመት በንጽሕና ጠበቅሁት። ልጥለው አልደፈርኩም፣ ላሳየውም አልደፈርኩም። አሁን ደግሞ የባሰ አደረግሁ፤ ያለ ማብራሪያ ላክሁልህ። ዲስኩ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። አንተም ያለውን አመንክ። አባትህን የተናገርከው ንግግር ግማሹ የእኔ ነው፤ ግማሹ ግን ያንተ ነው፣ ይቅርታ ጠይቀው።

መጋቢት 16 ቀን

ትናንት ልልከው ነበር፤ ነገር ግን ላንተ ብቻ መጻፍ በቂ ሆኖ አልታየኝም። የቀድሞው ክፍላችን ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ አንዳችን ቤት እንገናኛለን። አራት ቀርተናል። አባትህን ባነሱት ቁጥር፣ ጎበዝ ነበር፣ ያቺ ስህተት ናት የበላችው ይላሉ፤ እኔም ራሴን እነቀንቅ ነበር። ዛሬ ሁሉም እስኪቀመጡ ጠብቄ ቆሜ ነገርኳቸው። ወረቀቶቹንም አሳየኋቸው። የመባረሪያ ደብዳቤውን የጻፈችው ታይፒስት መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስክንለያይ አላደረገችውም። ዝምታ የምንላት አለች፤ በሕይወቷ አንድ ቀን ዝም ብላ ስለማታውቅ ነው። እሷ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ታዲያ አሁን ምን አስቸኮለሽ አለችኝ። ማንም አልሳቀም። የሚገባኝ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንዲታረምም አመልክቻለሁ። ማመልከቻውን የተቀበለኝ ልጅ በዚያን ጊዜ አልተወለደም፤ እትዬ፣ ይህ ለማን ይጠቅማል አለኝ። ቁጥር ስጥበትና ገቢ አድርገው አልኩት። አደረገው።

ወረቀቶቹ ከዚህ ጋር ናቸው። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን እይ። የልደት ቀንህ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል፤ ለአባትህም አድርስልኝ፣ ከተቀበለ።

አክስትህ


ሚያዝያ 9 ቀን
ገጽ 1

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እስቲ አንድም ሳላስቀር ልጻፍልዎት፤ ቢያስቀሩብዎት እንደማይወዱ አውቃለሁ።

ፖስታው በደረሰኝ ቀን አባቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተ፤ ግባ አላለኝም፣ ውጣም አላለኝም። ደብዳቤ ላነብልህ ታዝዣለሁ አልኩት። ማን አዘዘህ አለኝ። ነገርኩት። ቆሞ ነው የሰማው፤ ሂድ ያሉበት መስመር ላይ ስደርስ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጨርሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። 

ከዚያ ስለዚያ ቀን ተናገረ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቁጥሬን ትቼ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው፣ ያንን ማንም አልወሰደብኝም አለ። ለምን ዝም አልክ ስለው፣ ብናገር እኔ ፈረቃ ጥዬ በመሄዴ እባረራለሁ፣ እሷ በሰው ቁጥር በመጻፏ ትባረራለች አለኝ። ምክንያቴን አልጽፍም አለች እንጂ እሷ ቤት የሚጠብቃት ስድስት አፍ ነበር፤ እኔ ቤት ገና ሁለት ተኩል ነበርን አለ። ተኩሉ እኔ ነኝ።

እናቴስ፣ አልኩት። እናትህ ሳትጠይቀኝ ነው ያመነችኝ፣ ብነግራት ኖሮ አንቺን ጠልታ መኖር ነበረባት አለ። አንቺ ያለው እርስዎን ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ ከእርስዎ ጋር የሚነጋገር ይመስል ነበር። ቀጥሎም፣ ሠላሳ አራት ዓመት ግን ይበዛል አለ። ይህንን ልጻፍላት ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጻፍላት አለኝ።

ገጽ 2

ከዚያ ወረቀቶቹን አሳየኝ አለ። መስኮቱ ጋ ይዟቸው ሄደ። ባዶውን ሣጥን በጣቱ ነክቶ ቆየና፣ ማሽኑ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። መጋዘኑ ሰው ሞልቶበታል። ዶክተር ወንበሩን ለቀቀለት። አባቴ አስገቢው ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ዞሮ ፊት ለፊት ባለው ተቀመጠ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝን በጠርዙ ይዞ አስገባ፣ ጥቅሉን ጠራ፣ 03 ብሎ ጻፈ፣ የእርስዎን ወረቀቶች በግራው ዘርግቶ ማረጋገጥ ጀመረ። ቁልፎቹን አያይም። ጣቶቹ መጀመሪያ ትንሽ ተደናቀፉ፤ አሥረኛው መስመር አካባቢ ሲደርስ ግን ዶክተር ክንዴን ያዘኝ፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቶ አያውቅም። ሊያይ የመጣው ሰው ከሌሎቹ ማሽኖች ሁሉ ተነስቶ እሱ ዙሪያ ቆመ። ምን እየሆነ እንደሆነ የምናውቀው ግን አባቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ማሽኑ ቀይ አበራና ተቆለፈ።

አባቴ እጆቹን አንስቶ ጉልበቶቹ ላይ አኖራቸው። ወረቀቱን አየ፣ የማሽኑን መስታወት አየ። ከዚያ ማረሚያውን ተጭኖ 1461 ብሎ ጻፈና ቀጠለ። እዚያ ላይ ያቆማል ብዬ ነበር። አላቆመም። አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ ሰው ሰልችቶት ሄደ፣ ሌላ ሰው መጣ፣ እሱ እስከ ሁለት መቶ ሰባኛው መስመር ድረስ ሄደ። ሲጨርስ እስክሪብቶ ጠየቀኝና ሽፋኑ ላይ በባዶው ሣጥን ውስጥ ፈረመ። የዕለቱን ቀን ጻፈበት እንጂ የድሮውን አልጻፈበትም።

ሽፋኑን መልሼልዎታለሁ። ከጀርባው ላይ አባቴ በእጁ የጻፈው አለ፤ እንዳይጠፋ እዚህም ገልብጬዋለሁ።

«ለእህቴ፣
ሁለት መቶ ሰባውንም መስመር አንድ በአንድ አየሁ። ከሠላሳ አንደኛው በቀር የተሳሳተ የለም።
03»